በኦንላይን ቼስ የሚሠሩ ከባድ ስህተቶችን መርምሮ የመማሪያ አሠራር

በኢንተርኔት ቼስ የሚጫወት አማተር አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፈው ተጋጣሚው ረቂቅ ዕቅድ ስለነደፈ ሳይሆን፣ እሱ ራሱ ንግሥቱን ያለ ጠባቂ ስለተወ፣ ሩኩን ለፈረስ ስላጋለጠ ወይም በአንድ እንቅስቃሴ የሚመጣበትን ቼክሜት (ንጉሡ ማምለጫ አጥቶ ጨዋታው የሚያልቅበትን) ስላላየ ነው። ጨዋታው እንዳለቀ ድረ ገጹ ስህተቱን በሁለት የጥያቄ ምልክት ለይቶ ያሳየዋል፤ ተጫዋቹም አየት ያደርግና «ይህንንማ አላየሁትም» ብሎ ቀጣዩን ጨዋታ ይጀምራል፤ ብዙ ሳይቆይም ያንኑ ስህተት በሌላ መልኩ ይደግመዋል። ምልክቱ የት ላይ እንደተሳሳተ ነግሮታል፤ ወደ ስህተቱ የመራውን ሐሳብ ግን ሊነግረው አይችልም፤ ያንን የሚያውቀው ተጫዋቹ ብቻ ነው፣ እሱም ቶሎ ካልጻፈው ይረሳዋል። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የራስን ሐሳብ መመዝገብ፣ ቀጥሎ ኢንጂኑን (እንቅስቃሴዎችን የሚመረምረውን የቼስ ፕሮግራም) መጠየቅ፣ ከዚያም ሁለቱን ማስተያየት።

ጨርሶ ከባድ ስህተት የማይሠራ ተጫዋች እንደሌለ አስቀድሞ መቀበል ይጠቅማል። ትግራን ፔትሮስያን በ1956 በአምስተርዳም በተካሄደው የዕጩዎች ውድድር (የዓለም ሻምፒዮኑ ተጋጣሚ በሚመረጥበት) ዴቪድ ብሮንስቴይንን አስጨንቆ ይዞ ሳለ፣ ንግሥቱ በፈረስ ልትበላ መሆኗን ሳያስተውል ሌላ ጠጠር አንቀሳቅሶ ተሸንፏል፤ ይኸው ሰው በ1963 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ቭላዲሚር ክራምኒክም በ2006 በቦን ከተማ ዲፕ ፍሪትዝ ከተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ጋር ሲጫወት፣ የዓለም ሻምፒዮን እያለ፣ በአንድ እንቅስቃሴ የሚያልቅ ቼክሜት ሳያይ ቀርቷል። ስለዚህ ይህ አሠራር የሚረዳው ስህተትን ለማጥፋት ሳይሆን፣ ያው አንድ ዓይነት ስህተት እየተመላለሰ እንዳይጎዳን ለማድረግ ነው።

1. ለምርመራ የሚሆን ጨዋታ ይምረጡ

የተጫወቱትን ሁሉ ለመመርመር አይሞክሩ። በአንድ ደቂቃ ያለቀ የቡሌት ጨዋታ ውስጥ የሚገኘው ስህተት በአብዛኛው የእጅ ፍጥነት ጉዳይ ስለሆነ፣ ስለ አስተሳሰብዎ የሚነግርዎት ነገር ጥቂት ነው። ለዚህ ሥራ የሚመቸው ለማሰብ ጊዜ የሚሰጥ ጨዋታ ነው፤ ለምሳሌ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 15 ደቂቃ ተሰጥቶ በየእንቅስቃሴው 10 ሰከንድ የሚጨመርበት ጨዋታ ለአማተር በጣም ተስማሚ ነው። ጊዜ ኖሮዎት የተሳሳቱት ስህተት፣ ጊዜ አጥሮዎት ከተሳሳቱት ይልቅ ብዙ ያስተምራል።

የተሸነፉበትን ብቻ መርጦ መመርመርም በቂ አይደለም። ያሸነፉበት ጨዋታ ውስጥ ተጋጣሚዎ ሳያየው ያለፈው ስህተት ሊኖር ይችላል፤ ውጤቱ ስለሚሸፍነውም ማንም አይፈልገውም። በ2014 በሶቺ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና 6ኛ ጨዋታ ማግነስ ካርልሰን በ26ኛው ተራ ንጉሡን ወደ ዲ2 (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያሳያል) አንቀሳቅሶ ከባድ ስህተት ሠርቶ ነበር፤ ቪስዋናታን አናንድ ግን ኢ5 ላይ ያለውን ወታደር በፈረሱ በመብላት ሊቀጣው ሲችል በፍጥነት ሌላ እንቅስቃሴ አድርጎ ዕድሉ አመለጠው፤ ጨዋታውንም ካርልሰን አሸነፈ። የመዝገቡ ውጤት ብቻ ቢታይ ከዚያ ጨዋታ የሚጠየቅ አንዳችም ነገር ያለ አይመስልም።

2. ኢንጂኑን ከመክፈትዎ በፊት ሐሳብዎን ይጻፉ

ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ ይህ ነው፤ በእኔ አመለካከት ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ጨዋታው እንዳለቀ፣ ኮምፒውተሩ አንድም ቃል ሳይናገር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ይሂዱበት፤ ያመነቱባቸውን፣ የደነገጡባቸውን ወይም ጨዋታው የተገለበጠባቸውን ሦስት አራት ቦታዎች ምልክት ያድርጉ። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ሦስት ነገሮችን በአጭሩ ይጻፉ፤ በዚያች ቅጽበት ምን ለማድረግ አስበው እንደነበር፣ ተጋጣሚዎ ምን ይመልሳል ብለው እንደጠበቁ፣ እንዲሁም አስበውበት የጣሉት ሌላ እንቅስቃሴ ከነበረ የጣሉበት ምክንያት ምን እንደነበር።

ጽሑፉ እውነተኛ መሆን አለበት። «ቢሾፑን ለማጥቃት ፈልጌ ነው» ብሎ ከጨዋታው በኋላ የተፈለሰፈ ምክንያት ከማስፈር «ምንም አላሰብኩም፤ ንግሥቲቱን ዝም ብዬ አንቀሳቀስኳት» ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ ሁለተኛው መልስ ራሱ ትልቅ ግኝት ነውና። ሽንፈቱ አናድዶዎት ከሆነ እነዚህን ጥቂት ማስታወሻዎች ብቻ ይጻፉና ቀሪውን ምርመራ ረጋ ሲሉ ይመለሱበት። በንዴት ወዲያው ሌላ ጨዋታ መጀመር ግን ማስታወሻውንም ቀጣዩን ጨዋታም ያበላሻል።

3. ሰዓቱን ይመልከቱ

ሊቼስም ሆነ ቼስ ዶት ኮም የተባሉት የቼስ ድረ ገጾች እያንዳንዱ እንቅስቃሴ የፈጀውን ጊዜ ይመዘግባሉ። ምልክት ባደረጉባቸው ቦታዎች ላይ ስንት ሰከንድ እንዳሰቡና በወቅቱ ስንት ደቂቃ ቀርቶዎት እንደነበር ያስተውሉ። 8 ደቂቃ እያለዎት በ2 ሰከንድ የተጫወቱት ስህተትና 9 ሰከንድ ብቻ ቀርቶዎት የተጫወቱት ስህተት በሰሌዳው ላይ አንድ ቢመስሉም መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። የመጀመሪያው የጥድፊያ ልማድ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ቀደም ብሎ ጊዜው የት እንደባከነ ያስጠይቃል። ብዙውን ጊዜ መልሱ የሚገኘው በመክፈቻው ላይ ነው፤ ተጫዋቹ ሁለት እኩል ጥሩ ከሆኑ እንቅስቃሴዎች አንዱን ለመምረጥ አራት ደቂቃ አጥፍቶ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ዋጋ በሚያስከፍልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሰዓት ያልቅበታል።

4. አሁን ኢንጂኑን ይክፈቱ፤ አጠያየቅዎን ግን ይወቁበት

በሊቼስ ላይ ስቶክፊሽ በተባለው ኢንጂን የሚደረግ ምርመራ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ሌሎች ድረ ገጾችም ተመሳሳይ አገልግሎት አላቸው። ጨዋታው ገና እየተካሄደ ሳለ ኢንጂን መጠቀም ግን ማጭበርበር ስለሆነ አካውንት ያሳግዳል፤ የምንነጋገረው ካለቀ በኋላ ስላለው ምርመራ ብቻ ነው።

ኢንጂኑ የሚሰጠው ግምት በወታደር የሚለካ ነው፤ +1 ማለት ነጭ የአንድ ወታደር ያህል ብልጫ አለው ማለት ሲሆን፣ የመቀነስ ምልክት ካለው ብልጫው የጥቁር ነው። ጀማሪ እዚህ ላይ በቁጥሩ ይደናገጣል። ከ+9 ወደ +6 መውረድ በጨዋታው ውጤት ላይ እምብዛም ለውጥ አያመጣም፤ ከ+1 ወደ −2 መውረድ ግን የሚያሸንፈውን ተጫዋች ወደ ተሸናፊ ይለውጠዋል። ሊቼስ ስህተትን የሚመድበው በወታደር ልዩነት ብቻ ሳይሆን የማሸነፍ ዕድሉ ምን ያህል እንደቀነሰ እያየ የሆነውም ለዚህ ነው። እርስዎም የኢንጂኑ ግምት በሚታይበት ግራፍ ላይ ጨዋታው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የተሻገረባቸውን ሁለት ወይም ሦስት ቦታዎች ብቻ ይውሰዱ፤ ጥቃቅኗን መዛነፍ ሁሉ ማሳደድ ድካም እንጂ ትምህርት አይሆንም።

በተመረጠው ቦታ ላይ ኢንጂኑ የመረጠውን ምርጥ እንቅስቃሴ አይተው አይለፉ። መጀመሪያ የእርስዎን እንቅስቃሴ በሰሌዳው ላይ ያድርጉና ተጋጣሚዎ እንዴት እንደሚቀጣዎት እስከ መጨረሻው ይከተሉ። ቀጥሎ በማስታወሻዎ ላይ አስበው የጣሉትን እንቅስቃሴ ይሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ትክክለኛው እሱ ሆኖ ይገኛል፣ ያኔም ችግሩ አለማየት ሳይሆን በተሳሳተ ፍርሃት መተው እንደነበር ይረዳሉ። የኢንጂኑን ምርጫ በመጨረሻ ይመልከቱ፤ ምክንያቱን በራስዎ ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ካልቻሉ ይተዉት። ማሽኑ የሚመርጠው አንዳንድ እንቅስቃሴ ትክክል የሚሆነው ከእሱ በኋላ ዐሥር ትክክለኛ እንቅስቃሴዎችን መከተል ለሚችል ብቻ ነው፤ ለእኛ ለሰዎች ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ምርጫ የተሻለ መምህር ሊሆን ይችላል።

5. ስህተቱ ከየት እንደጀመረ ወደ ኋላ ይፈልጉ

ሽንፈቱ የታየበት ተራና ስህተቱ የተፈጸመበት ተራ አንድ አይደሉም። ይህን በደንብ የሚያሳይ፣ በአማተር ጨዋታ ላይ ደጋግሞ የሚከሰት አጭር ጨዋታ እንውሰድ። ነጭ ወታደሩን ወደ ኢ4፣ ጥቁር ወደ ኢ5 ይገፋሉ፤ ነጭ ፈረሱን ወደ ኤፍ3፣ ጥቁር ወደ ሲ6 ያወጣሉ፤ ነጭ ቢሾፑን ሲ4 ላይ ያስቀምጣል። በ3ኛው ተራ ጥቁር ያንኑ ፈረስ እንደገና አንስቶ ዲ4 ላይ ያሳርፈዋል፤ በዚህም ኢ5 ላይ ያለው ወታደሩ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ነጭ በ4ኛው ተራ ወታደሩን በፈረሱ ይበላል፤ ጥቁርም ንግሥቱን ወደ ጂ5 ያወጣል። በ5ኛው ተራ ነጭ ኤፍ7 ላይ ያለውን ወታደር በፈረሱ በልቶ ንግሥቲቱንና ኤች8 ላይ የቆመውን ሩክ በአንድ ጊዜ ያስፈራራል፤ በጣም የተደሰተበት ቅጽበትም ይህ ነው። ንግሥቲቱ ግን ጂ2 ላይ ያለውን ወታደር ትበላለች፤ የነጭ ሩክ ወደ ኤፍ1 ይሸሻል፤ እሷ ኢ4ን በልታ ቼክ ትላለች (ንጉሡን ታስፈራራለች)፤ ነጭ ቢሾፑን ኢ2 ላይ ይከልላል፤ ጥቁርም በ7ኛው ተራ ፈረሱን ኤፍ3 ላይ አሳርፎ ቼክሜት ያደርጋል። ቢሾፑ ፈረሱን መብላት አይችልም፣ ምክንያቱም ከቦታው ከተነሣ ንጉሡ ለንግሥቲቱ ይጋለጣል።

ይህን ጨዋታ በጥድፊያ የሚመረምር ሰው «ቢሾፑን ኢ2 ላይ ባላስገባው ኖሮ» ይላል። ነገር ግን ያኔ የነበረው ሌላ አማራጭ በነጭ ንግሥት መከለል ብቻ ነበር፤ ያም እሷን ለጥቁር ፈረስ አሳልፎ መስጠት ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይሆናል። በ5ኛው ተራ ላይ ኤፍ7ን በፈረስ ከመብላት ይልቅ በቢሾፕ በልቶ ቼክ ማለት ይቻል ነበር፤ ቢሾፑን ኢ5 ላይ ያለው ፈረስ ስለሚጠብቀው የጥቁር ንጉሥ ሊበላው አይችልም፣ ከቦታው መነሣትና ካስል የማድረግ (ንጉሡንና ሩኩን በአንድ ተራ አንቀሳቅሶ ንጉሡን የማስጠበቅ) መብቱን ማጣት ይገደዳል፤ ነጭ ደግሞ ካስል አድርጎ ንጉሡን ያስጠብቃል። ከዚያም ወደ ኋላ፣ በ4ኛው ተራ ላይ፣ ወታደሩን ከመብላት ይልቅ ዲ4 ላይ ያለውን ፈረስ በፈረስ በልቶ፣ ጥቁር በወታደሩ መልሶ ሲበላ ካስል ማድረግ ይቻል ነበር፤ ያኔ ጥቁር የሚያስፈራራው ነገር አይኖረውም ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ማስታወሻ «በዚህ መክፈቻ ፈረሱ ዲ4 ላይ ሲመጣ ወታደሩን አትብላ» የሚል ብቻ ከሆነ ጥቅሙ ለዚያች አንድ ወጥመድ ነው። የተሻለው እንዲህ የሚል ነው፤ «5ኛ ተራ፣ 4 ሰከንድ። በፈረሴ የማስፈራራቸውን ሁለት ጠጠሮች ብቻ ቆጠርኩ፤ ንግሥቲቱ ጂ5 ላይ ስትመጣ ከፈረሱ ሌላ ምን እንዳነጣጠረች አልጠየቅኩም። 4ኛ ተራ፦ ወታደሩ ለምን በነጻ እንደተሰጠኝ አልጠየቅኩም።» ይህ ማስታወሻ በመቶ ሌሎች ቦታዎች ላይ ይሠራል።

6. ስህተቱን በመንስኤው ይመድቡ

ምድቦቹን ከራስዎ ጨዋታ ማውጣት ይሻላል፤ ሆኖም ለመነሻ የሚከተሉት ያገለግላሉ። በብዛት የሚታየው የተጋጣሚን የመጨረሻ እንቅስቃሴ ዓላማ አለመጠየቅ ነው፤ ተጫዋቹ በራሱ ዕቅድ ተመስጦ ተጋጣሚው ምንም እንዳላደረገ ያህል ይቀጥላል። ሁለተኛው ጠባቂን ከሥራው ላይ ማንሣት ነው። ለምሳሌ የነጭ ንጉሥ ጂ1 ላይ ሆኖ ከፊቱ ኤፍ2፣ ጂ2 እና ኤች2 ላይ ወታደሮቹ ቆመው፣ ኤ1 ላይ ያለው ብቸኛ ሩክ ኤ7 ላይ ያለውን ወታደር ሊበላ ሲሄድ፣ ዲ8 ላይ ያለው የጥቁር ሩክ ወደ ዲ1 ወርዶ በቼክሜት ይጨርሰዋል። ሩኩ «ሥራ ፈት» ይመስል ነበር እንጂ የመጀመሪያውን ረድፍ ይጠብቅ ነበር፤ የኤች ወታደርን ቀደም ብሎ አንድ እርምጃ ገፍቶ ለንጉሡ መውጫ ማበጀት ግን ሩኩን ነጻ ያወጣው ነበር።

ሦስተኛው «ከበላሁት መልሶ መብላቱ አይቀርም» ብሎ መገመት ነው፤ ተጋጣሚው መልሶ ከመብላቱ በፊት በመካከል ቼክ ሊያስገባ ይችላል። አራተኛው ስሌትን አንድ እንቅስቃሴ ቀድሞ ማቆም ነው፤ በተለይ ጠጠር እየተለዋወጡ ወደ ጨዋታው መጨረሻ ሲሄዱ ይህ ብዙ ያስከፍላል። በ2024 በሲንጋፖር በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በ14ኛውና በመጨረሻው ጨዋታ ላይ ዲንግ ሊረን በ55ኛው ተራ ሩኩን ኤፍ2 ላይ ሲያስቀምጥ፣ በጥቁር የሚጫወተው ጉኬሽ ሩኮቹን ከተለዋወጠ በኋላ ቢሾፖቹንም እንዲለዋወጡ አስገደደ፤ የቀሩት ወታደሮችና ነገሥታት ብቻ ሲሆኑ ደግሞ ጥቁር አሸናፊ ነበር፤ ሻምፒዮናውም በዚያ ተወሰነ። የመዳፊት መንሸራተትና ተጋጣሚው ሳይጫወት አስቀድሞ የታዘዘ እንቅስቃሴ ያመጣው ጥፋት የራሱ ምድብ ይሰጠው፤ ከሌሎቹ ጋር ከተቀላቀለ ቆጠራውን ያዛባል።

7. ቦታውን ያስቀምጡና መልሰው ይፍቱት

ለእያንዳንዱ ስህተት ከስህተቱ አንድ እንቅስቃሴ በፊት ያለውን የሰሌዳ ገጽታ ያስቀምጡ፤ ከጎኑ የወሰደብዎትን ጊዜ፣ የነበረዎትን ሐሳብና ምድቡን ይጻፉ። ተራ ደብተር በቂ ነው፤ በሊቼስ ላይ ደግሞ ስተዲ በሚባለው ክፍል እያንዳንዱን ቦታ እንደ አንድ ምዕራፍ ማስቀመጥ ይቻላል። መልሱን ከጥያቄው ጋር አንድ ላይ አይጻፉ፤ ተሸፍኖ ወይም በሌላ ገጽ ላይ ይቀመጥ።

ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ወደ ቦታዎቹ ተመልሰው፣ መልሱን ሳያዩ፣ በእውነተኛ ጨዋታ ላይ እንዳሉ አድርገው ያስቡባቸው። ሊቼስ ምርመራው እንዳለቀ «ከስህተትዎ ይማሩ» የሚል ልምምድ ያቀርባል፤ የተሳሳቱበትን ቦታ አውጥቶ የተሻለ እንቅስቃሴ እንዲፈልጉ ይጠይቃል። ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ወዲያው ስለሚቀርብና ስህተት እንዳለ አስቀድሞ ስለሚያሳውቅዎት፣ ከቀናት በኋላ በደብተር የሚደረገውን መልሶ መፍታት አይተካም። በደብተሩ ውስጥ ትክክል የተጫወቱባቸውን ጥቂት ቦታዎች ሆን ብሎ መቀላቀልም ጥሩ ነው፤ ያኔ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ወጥመድ እንዳለ እየጠበቁ አይፈቱም።

አንድ ምድብ ከሌሎቹ በግልጽ ሲበዛ ልምምድዎን ወደዚያ ያዙሩ። የታክቲክ እንቆቅልሾች በርዕስ ተከፋፍለው ይገኛሉ፤ ያለ ጠባቂ የቀረ ጠጠር፣ በመጨረሻው ረድፍ የሚመጣ ቼክሜት፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ጠጠር ማስፈራራት የመሳሰሉት። በርዕስ የተለየ እንቆቅልሽ ዓይንን ያሠለጥናል፤ ድክመቱ ግን መልሱ ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድሞ መናገሩ ስለሆነ፣ ጥቂት ቀናት ከሠሩበት በኋላ ወደተቀላቀለው ይመለሱ።

8. ግኝቱን ወደ ጨዋታ ልማድ ይለውጡ

ደብተር ላይ የቀረ እውቀት ሰሌዳ ላይ አይረዳም። ከምድቦችዎ ከበዛው አንዱን ብቻ ይውሰዱና በአንድ አጭር ጥያቄ መልክ ያዘጋጁት። የተጋጣሚን ዓላማ የማያዩ ከሆነ ጥያቄው «ይህ እንቅስቃሴ አሁን ምን አነጣጠረ? ምንስ ያለ ጠባቂ ተወ?» የሚል ይሁን፤ ተጋጣሚዎ ጠጠሩን እንዳሳረፈ፣ ስለ ራስዎ ዕቅድ ከማሰብዎ በፊት ይጠይቁት። ጠባቂ የሚያነሡ ከሆነ ደግሞ «ይህ ጠጠር እዚህ ሆኖ ምን እየሠራ ነበር?» ብለው ከማንሣትዎ በፊት ይጠይቁ። ሦስትና አራት ጥያቄ በአንድ ጊዜ ለመያዝ የሚሞክር ሰው በ20ኛው ተራ ላይ ሁሉንም ይተዋቸዋል።

ከዚህ ሌላ፣ እንቅስቃሴዎን ከመረጡ በኋላና መዳፊቱን ከመንካትዎ በፊት፣ ተጋጣሚዎ ቼክ ማለት፣ ጠጠር መብላት ወይም አንዳች ነገር ማስፈራራት ይችል እንደሆነ በዚሁ ቅደም ተከተል ይፈትሹ። ሥራው ከተለመደ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይፈጃል፤ በየእንቅስቃሴው ሰከንድ በሚጨመርበት ጨዋታ ላይ ደግሞ የሚጨመረው ጊዜ ራሱ ይሸፍነዋል። በጣም የሚያስደስት እንቅስቃሴ ሲያገኙ ይህን ፍተሻ እንዳይዘሉ በተለይ ይጠንቀቁ፤ ከላይ ባየነው ጨዋታ ነጭ ሁለት ጠጠር ማስፈራራቱን ባየ ጊዜ ማሰብ ያቆመው በዚያ ደስታ ምክንያት ነው።

9. ለውጡን በሬቲንግ አይለኩ

ሬቲንግ (የተጫዋቹን አቅም የሚያሳየው ነጥብ) በየዕለቱ ስለሚዋዥቅ ሥራው ፍሬ ማፍራት አለማፍራቱን በአጭር ጊዜ ውስጥ አያሳይም። ይልቁንም ሃያ ያህል የተመረመሩ ጨዋታዎች ሲከማቹ ምድቦቹን ይቁጠሩ፤ ሃያ ሲጨመሩ እንደገና ይቁጠሩና ያስተያዩ። ጥያቄ ያዘጋጁለት ምድብ ከቀነሰ ጥያቄው ልማድ ሆኗል ማለት ስለሆነ በቀጣዩ ትልቅ ምድብ ይተኩት። ካልቀነሰ ደግሞ ሁለት ነገሮችን ይፈትሹ፤ ጥያቄውን በጨዋታ ላይ በእውነት እየጠየቁት እንደሆነና መንስኤውን በትክክል መድበውት እንደነበር። «ዛቻ አለማየት» ተብሎ የተመደበ ስህተት ሰዓቱ ሲታይ ሁልጊዜ ከሦስት ሰከንድ በታች የተጫወቱት ሆኖ ከተገኘ፣ ጉዳዩ የማየት ሳይሆን የመጣደፍ ነው፤ እንዲህ ከሆነ የእንቆቅልሹን ልምምድ ለጊዜው አቁመው ረዘም ያለ ሰዓት ያለው ጨዋታ ይምረጡ፣ ከዚያም በሚቀጥሉት ሃያ ጨዋታዎች ቆጠራውን ይድገሙት።